የበቀቀኖቹ ቅዳሜ

ሚስቱ «ልጆችህ እኮ አያውቁህም» ካለችው ወዲህ ነገሩ ሲከነክነው ሰነበተ። በመጨረሻ ቅዳሜን ለልጆቹ ሊሰጥ ቆረጠና ሳሎኑን የሞቃት አገር ደሴት አስመሰለው። ሸራ አንጥፎ አሸዋ አፈሰሰበት፣ በየግድግዳው የሙዝ ቅጠል ሰቀለ፣ ለሁለቱም ልጆቹ ፊት የሚሸፍን የበቀቀን ጭምብል ሠራላቸው።

ጭምብላቸውን አጥልቀው መጡ። ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ «ክንፋችሁን ዘርጉ፣ ወደ ስልኩ እያያችሁ» እያለ ሲቀርጻቸው ዋለ። ቪዲዮውንም «የአባታቸው ልጆች» ብሎ ለሚስቱ ላከ።

«አሁንስ አወቃችሁኝ?» አላቸው ኮራ ብሎ።

ትልቁ በቀቀን ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ።

«አዎ ጋሼ፣ የኪሩቤል አባት አይደሉ? እኛ የጎረቤት ልጆች ነን። ኪሩቤልና እህቱ እኛ ቤት ካርቱን እያዩ ነው። ‹ግድ የላችሁም ሂዱ፣ አባዬ አይለያችሁም› ብለውን ነው።»