አቶ እሺታ የተቀዳበት ሰው

ሰዓት ሠሪው የአማቱን ቃል በሬዲዮ የሰማው አንድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ ነው።

«የሰውን ሰዓት ታቃናለህ፤ የቤትህ ሰዓት ግን እንዳንተው ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ይነቃል!» አለች እትዬ መብረቅ፣ አገር ምድሩ የሚወዳት የእሑዱ የሬዲዮ ድራማ አማት።

«እሺ» አለ የልጇ ባል፣ አቶ እሺታ።

ሳቁ ከየጎረቤቱ መስኮት ጎርፎ ገባ። ሰዓት ሠሪው ግን ማንኪያውን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። ያ ቃል ባለፈው ማክሰኞ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአማቱ አፍ፣ ለእርሱ የተነገረ ነበርና። መልሱም ያው «እሺ» ነበር።

አማቱ ተነሥተው ሬዲዮውን ዘጉ።

«የቤቴን ገበና ለማን ነው የምትቸረችረው?»

«እኔ? እማማ፣ እኔ?»

«የልጄ አፍ ቁልፍ ነው። ማን ቀረ? ድመቷ?»

ስምንተኛ ወሯን የያዘችው ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አለቀሰች ብሎ መሐረቡን አቀበላት።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ መላ አጣ። ረቡዕ በሳሙና የተነሣው ጠብ እሑድ ተላለፈ። ሰኞ ስለ ማንኮራፋቱ የተባለው እሑድ ከነድምፁ ተላለፈ። በሱቁ አንዱ ደንበኛ «ለሐሙስ ይደርሳል?» ቢለው፣ «እሺ» ከማለቱ ሰውየው ሆዱን ይዞ ቁጭ አለ። ሰዓት ሠሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይሁን» ማለትን ተለማመደ።

ማን እንደ ጠቆመ ግን አላጣውም። ከግድግዳው ማዶ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ይኖራሉ፤ ቀኑን ሙሉ መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው ይጽፋሉ። ግድግዳ ጆሮ እንዳለው ያውቅ ነበር፤ ለካ ብዕርም አለው!

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ የሚጽፉት ምንድን ነው?» አላቸው በደረጃው ላይ ይዟቸው።

«ኑዛዜዬን።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ወራሾቼ በየሳምንቱ ያስቀይሙኛላ!»

አላመናቸውም። የግድግዳውን ስንጥቅ በጥጥና በሰም ደፈነ። ይህም አልበቃው ብሎ ዝም አይነቅዝም ሲል አንደበቱን ዘጋ። አማቱ ቢሰድቡት፣ ዝም። ቢያሽሟጥጡት፣ ዝም። «እሺ» እንኳ ቀረች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ድራማው ውሃ ሆነ። እትዬ መብረቅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ብርዱ አወራች። «ደራሲው ታመመ እንዴ?» ተባባለ ሰፈሩ። ሰዓት ሠሪው በደስታ ሊበር ምንም አልቀረው፤ ጥጡ ሠርቷል!

የቤቱ ሰላም ግን አማቱን አላማራቸውም። ቀለማቸው ጠወለገ፤ ሲሄዱ ሲመጡ ይነካኩት ጀመር። አፍንጫውን ከደቂቃ ቆጣሪ ጋር አስተያዩት። ኮቱን ለድመቷ አነጠፉላት። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ የግራ ጫማውን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀሉበት።

በአንድ እግሩ እያነከሰ ሦስት ጊዜ ቤቱን ዞረ። በመጨረሻ አመለጠው።

«እማማ! እኔን ከቤት ለማስወጣት ከሆነ ሁለቱንም ጫማ ይስጡኝ እንጂ!»

የአማቱ ፊት በራ።

«ድገመው እስቲ!»

«አልደግምም።»

«እንግዲያው ስማኝ። ይህች ቃል እሑድ በሬዲዮ ከወጣች ሻንጣህን ይዘህ ትወጣለህ። ልጄ ከነሆዷ እዚሁ ትቀራለች። ቤቱ የእኔ ነው!» ብለው፣ ራሴን አመመኝ በማለት ክፍላቸው ገብተው ቆለፉ።

ሰዓት ሠሪው አልጋው ላይ ተቀምጦ ሲያስብ ዋለ። ልጁ ሲወለድ እርሱ የት ይሆናል? ጥጡ ይህን ጩኸት ይመክታል ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ገሠገሠ፤ ደራሲውን እግሩ ላይ ወድቆ ሊለምን።

«ስማቸው አይነገርም፤ ቃል አስገብተውናል» አለችው እንግዳ ተቀባይዋ። «ግን ሐሙስ ሐሙስ ጽሑፋቸውን ራሳቸው ያመጣሉ። እዚህ ወንበር ላይ ከጠበቅክ በፊትህ ያልፋሉ።»

ተቀመጠ። ልመናውን በልቡ አሰናዳ። «ጋሼ፣ አባት ልሆን ነው…» ብሎ ይጀምራል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይነሣል። ፖስተኛ ገባ። መብራት ጠጋኝ ገባ።

ቀጥሎ አማቱ ገቡ፤ ክንዳቸው ሥር ቦርሳ ሸጉጠዋል።

ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። እሑድን እንኳ ሳይጠብቁ ሊከሱት መጥተዋል!

«አንተ! ተከትለኸኝ ነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ የተከተሉኝ! እዚህም ሊያሳጡኝ?»

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ!»

እዚህ ላይ የሦስት ሳምንቱ ዝምታ ግድቡን ጣሰ።

«አላደርግም! ሳሙና አለቀ፣ እሺ አልኩ! ዝናብ ዘነበ፣ ጥፋቱ የእኔ፣ እሺ አልኩ! ድመቷ አራት ወለደች፣ እኔን አዩኝ፣ እሱንም እሺ አልኩ! ከእንግዲህ ግን እሺ ያለ ምላስ ይቆረጥ! ሻንጣዬን ራሴ አወጣዋለሁ፤ ሚስቴን በአንድ እጄ፣ ልጄን በሌላው፣ ሻንጣውን በጥርሴ ይዤ እወጣለሁ!»

የኮሪደሩ በሮች ሁሉ ተከፈቱ። ዜና አንባቢው ወረቀቱን እንደ ያዘ ወጣ። መብራት ጠጋኙ ከመሰላሉ ላይ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

አማቱ ብቻ አላጨበጨቡም። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ሰዓት ሠሪው፣ እየረገሙኝ ነው፣ አለ በልቡ።

አማቱ ዓይናቸውን ገለጡና ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ዞረው፣ «ልጄ፣ ያመጣሁትን ክፍል አላስረክብም፤ አሁኑኑ እንደገና ልጽፈው ነውና ወረቀት ስጪኝ፤ ለዚህም ልጅ ውሃ ስጪልኝ፣ ከቤቴ የትም አይሄድብኝም» አሉ።