መቶ አርባ ሦስቱም አሉ

ሰባት ቀን የፈጀው የሥራ ማቆም አድማ ፊልም ሆኖ ወጣ። ርዝመቱ አርባ አንድ ደቂቃ ነው። የልብስ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እስከ ሠላሳ ሦስተኛው ደቂቃ ድረስ ዝም ብሎ አየው። ሠላሳ አራተኛው ላይ የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ይላል፤ ውጭ ሠራተኛው ይዘፍናል፤ እሱ ራሱ ጠረጴዛው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

ወዲያው የስንብት ደብዳቤ አስጽፎ ፈረመበት። ባዶ የቀረው የቀራጩ ስም ቦታ ብቻ ነበር።

ከዚያ የሰዓት ተቆጣጣሪውን አስጠራ። ሠራተኛው «ጋሼ ቆጠራ» ይላቸዋል። በሩ አጠገብ ተቀምጠው የገባ የወጣውን ሲመዘግቡ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። መዝገቡንም በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሥራ አስኪያጁ ያቀርባሉ፤ በአድማው ሰሞን እንኳ አላቋረጡም። ምሳ ዕቃቸው ከእጃቸው አይለይም፤ ሲበሉ ያያቸው ግን የለም።

«ካሜራ የያዘ ሰው ራሱን አይቀርጽም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ፊልሙ ላይ የሌለውን ይፈልጉልኝ።»

ጋሼ ቆጠራ መዝገቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ፊልሙን ሦስት ጊዜ አዩት። ከመቶ አርባ ሦስት ሠራተኛ መቶ አርባ ሁለቱ ተገኙ።

የጠፋችው ቁልፍ ሰፊዋ ናት። ከሥራ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ለመመረቅ ሁለት ወር ቀርቷታል። በአራተኛው ቀን ተማሪዎቹን ዳቦ አስይዛ አጥሩ ድረስ ያመጣችው እሷ ነበረች።

«ድሮም ጠርጥሬያት ነበር» አለና ብዕሩን አነሳ።

ተጠርታ መጣች። ካሜራ ቢኖራት ሸጣ ጫማ ትገዛ እንደነበር ነገረችው። አላመናትም።

«ልጄ፣ እስቲ እጅሽን» አሏት ጋሼ ቆጠራ። አውራ ጣቷ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ።

ፊልሙን ወደ አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ መለሱት። ፊቷን መፈክሩ ጋርዶታል፤ መፈክሩን የያዘው አውራ ጣት ግን በፋሻ ተጠቅልሏል። መዝገቡን ገለጡ። አድማው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው በራሳቸው እጅ ጽፈውታል፦ ቁልፍ ሰፊዋ፣ አውራ ጣቷን መርፌ ወጋት።

«መቶ አርባ ሦስት» አሉ። «መዝገቡ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ፊልሙ ላይ አለ።»

«ታዲያ ከውጭ የገባ ሰው ነዋ?»

«በእኔ በር የገባ እንግዳ የለም።»

ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን አየ፤ መስኮቱንም አየ። በመጨረሻ ደብዳቤውን ቀደደው። ልጅቷ ወደ ቁልፎቿ ተመለሰች።

«ከነገ ጀምሮ» አለ፣ «በበሩ የሚያልፈውን ቦርሳ ሁሉ እርስዎ ራስዎ ይፈትሹልኝ። ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።»

ጋሼ ቆጠራ እሺ ብለው፣ መዝገባቸውንና ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ወጡ።

ቤታቸው ሲደርሱ ምሳ ዕቃውን ከፈቱ፤ ካሜራውን አወጡና ቻርጅ ላይ ሰኩት።