የእትዬ አክበረት ብረት

ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል ይባላል። የእትዬ አክበረት ምላስ ግን ብረትም ይሰብራል እያሉ የልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶች ይስቁ ጀመር፤ ዳሌያቸው ውስጥ የተቀበረው ብረት ለሁለት ተሰብሯላ!

ያውም ሁለተኛው ብረት። የመጀመሪያው ላልቶ ወጥቶ አምና የተተካው። አልወደቁ፣ ማንም አልገፋቸው። አልጋቸው አጠገብ፣ ሁለት ቦታ ላይ በሳሳው ምንጣፍ ላይ ሳሉ «ቀጭ» አለና እዚያው ቀሩ።

ዶክተር ዮፍታሔ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው።

«እማማ፣ እንዲህ ያለ ብረት ባንድ ቀን አይሰበርም። የላይኛው አጥንትዎ ስለሳሳ ብረቱን የያዘው ታች ብቻ ነው። እንደ ሽቦ ነው፣ ደጋግሞ የሚያጥፈው ነገር ካገኘ ይደክማል። ክብደት ጨምረዋል?»

«ምራቴን ጠይቃት! ገንፎ በቅቤ እያጎረሰች ያሰባችኝ እሷ ናት። ሙክት እንኳ ለፋሲካ እንዲህ አይቀለብም።»

በሩ ሥር የቆመችው ምራታቸው ጊፍቲ አንገቷን ደፋች።

«ደረጃ ይወጣሉ ይወርዳሉ?»

«ልጄ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰቅሎኝ በየት በኩል ልውረድ? በመስኮት?»

«ጎንበስ ቀና የሚያሰኝ ሥራስ?»

«እኔ?» እትዬ አክበረት አገጫቸውን ወደ ላይ አነሱ። «እኔ አክበረት ለሰው ጎንበስ ብዬ አላውቅም!»

ዶክተሩ ሳቁን ዋጠ። ቀጥሎ የተናገረው ግን የሚያስቅ አልነበረም። «ሦስተኛ ብረት እናስገባለን። የመጨረሻው ነው። ይሄም ከተሰበረ ሌላ የሚይዝ አጥንት አይኖርም፤ ከዚያ ወዲያ በእግር መሄድ የለም።»

እትዬ አክበረት ዓይናቸውን ወደ ምራታቸው አዞሩ። ወዲያው ጥፋተኛ መገኘት ነበረበት፣ ጊፍቲ ደግሞ ቅርብ ናት።

ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁ የመጡት የሁለተኛ ፎቁ አቶ ሰላሁን ነገሩን አባባሱት። «እኔማ ጣራዬ በየጠዋቱ ሲደበደብ፣ ይሄ ቤት ሰላም የለውም እል ነበር።»

«የሷ ሙቀጫ ነዋ!» አሉ እትዬ አክበረት።

«እማማ፣ እኔ እኮ ጎህ ሳይቀድ ነው የምወጣው» አለች ጊፍቲ። «ሰርቪስ ያመልጠኛል።»

«አፏን ስሙልኝ! በሽተኛ ላይ መልስ ትሰጣለች!»

ልጃቸው አምሃ እናቱና ሚስቱ ሲጣሉ ከማየት ጫማውን ማየት የሚመርጥ ሰው ነው። «በቃ ይቅርታ ጠይቂያት» አለ፣ ለጫማው።

ጊፍቲ ጎንበስ ብላ የአማቷን ጉልበት ሳመች። ደህነኛውን ጉልበት። እትዬ አክበረትም እንደ ንግሥት ይቅር አሏት።

ከዚያ ገንፎው ተከለከለ። ቅቤው ተከለከለ። ሙቀጫው ለጎረቤት ተሰጠ። አሮጊቷ ቅጠል ለቅጠል እያኘኩ፣ «ፍየል አደረጋችሁኝ» እያሉ፣ ከሰውነታቸው ቀነስ አሉ። ዶክተሩ ረካ።

«እንግዲህ የሚያሰጋው ሁሉ ተወግዷል» አለ አምሃ በቀዶ ጥገናው ዕለት።

አልጋው እየተገፋ በሩን ሲያልፍ እትዬ አክበረት ዓይናቸውን ጨፈኑና በሹክሹክታ ተሳሉ፦

«ልደታዬ፣ ባለፈው ስለቴን ሰምተሽ በእግሬ አቁመሽኛል፤ እኔም በየማለዳው እዚያች ምንጣፌ ላይ ወድቄ ተነስቼ ሳልሰግድልሽ የዋልኩበት ቀን የለም፤ ይሄኛውን ብረት አጽኚልኝና ስግደቴን እጥፍ አደርግልሻለሁ።»