የዋንጫው ቀን ጎል

አሮጌው ስታዲየም ሲፈርስ ጌታነህ የዋንጫውን ቀን ትዝታ ለሙዚየሙ ሰጠ። ልጆች ያቺን ጎል በእሱ ዓይን እንዲያዩ ብሎ ነው። የሰጠ ሰው ግን ትዝታው ከራሱ ይጠፋል። ሚስቱን አስካለን የተዋወቃትም በዚያው ቀን፣ ካታንጋ በሚባለው የስታዲየሙ ርካሽ መቀመጫ ላይ ነበር። ሳይነግራት ሰጠው።

ዝናብ በጣለ ቁጥር «ላስቲክ ያለበስከኝ ትዝ ይልሃል?» ትለዋለች።

«እንዴት እረሳለሁ!» ይላል፣ ፊቷን ሳያይ።

ዛሬ ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ ገባች።

«ሙዚየም ሄጄ ነበር። ያንተን አየሁት።»

የያዘውን ሻይ አስቀመጠ። «አስካልዬ፣ ለጎሏ ብዬ እኮ ነው...»

«የምን ጎል? ልጆቹ ‹ይሄ ሰውዬ ኳስ አያይም እንዴ!› እያሉ ሲስቁብህ ነበር።» አጠገቡ ተቀመጠች። «ስታዲየሙ ሁሉ ተነስቶ ሲጮህ፣ አንተ እኔን ነበር የምታየው።»