የይሻው ባቡር መንገድ

ቀረብ በዪ ልጄ፣ ከበሩ ራቂ። ሐምሌ ነው፤ ጉና በረዶውን ጥሎ ብርዱን ወደ እኛ ወደ ደብረ ታቦር ሰዶብናል። ጋቢውን ደርቢና ስሚኝ፤ ስለ ተከራያችን ስለ ይሻው ልንገርሽ።

ይሻው ዕድሜውን ድሬዳዋ ምድር ባቡር የፈጀ ሰው ነው። ባቡሩን ቁም፣ እለፍ የሚለውን ምልክት የሚያነሳና የሚጥል እሱ ነበር። ጡረታ ወጣና ወደ አገሩ ተመልሶ የጓሮዋን ክፍል ከእኛ ተከራየ። ዝምተኛ ነው። በሩንም ዘግቶ ይውላል።

ጎረቤቴ ፍቅርተ ገና በሳምንቱ ጠረጠረችው።

«እቴነሽ፣ ይኼ ሰውዬ የተሰበረ ጥላ ለመነኝ።»

«ታዲያ ስጪው።»

«የድልህ ቆርቆሮም ከቆሻሻ ሲለቅም አይቼዋለሁ። ትናንት ደግሞ ጋፋት ድረስ ሄዶ ዝገት በፌስታል ቋጥሮ መጣ። ዝገት ምን ይሆናል? ለመተት ነው እንጂ!»

እውነቷን ነው፣ እኔንም የጧፍ ቁራጭ ጠይቆኛል። ይዤለት ብገባ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሙሉ አገር ሠርቷል! ሐዲዱ ከሽቦ፣ ተራራው ከካርቶን፣ የስልክ እንጨቱ ከገብስ አገዳ። የጥላውን ዘንግ ቆርጦ ምሰሶ አቁሟል፤ ከቆርቆሮው ክንድ አውጥቶለታል። ክንዱ ተዘርግቶ ሲቆም ባቡሩ ይቁም ማለት ነው፤ ክሩን ሲስበው ዝቅ ይላል፣ ያኔ ይለፍ።

«አዲስ ሲሆን ውሸት ይመስላል፣ እማማ» አለኝ። ሰሙን አቅልጦ ቀባው፤ በላዩ የጋፋትን ዝገትና ጥላሸት ነሰነሰበት። የዛሬ ሳምንት ድልህ የነበረበት ቆርቆሮ የጣሊያን ዘመን ብረት ሆኖ ቁጭ አለ።

«ተበላሸ እኮ!» አልኩት።

«ኧረ የለም። ሰሙ ሲሞቅ ሁሉም ይለቃል፤ ዕቃው ምንም አይሆን።»

ይኼን ለፍቅርተ ብነግራት ጭራሽ ባሰባት። «አዲሱን አሮጌ የሚያደርግ ሰው፣ የእውነት አሮጌ ነገር ቢያገኝ ምን ያደርገዋል? አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽን ጠብቂ» አለችኝ።

አሮጌ ነገር ደግሞ እኛ ቤት አለ። የአባቴ የእጅ መስቀል ነው፤ ብር ነው። ቄስ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፤ ሊያርፉ ሲሉ በእጄ አስጨበጡኝ። ጠዋት ጠዋት ሳልሳለመው ውዬ አላውቅም። በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሳጥኑ ቁልፍ ከአንገቴ አይወርድም።

ያን ክረምት ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ልጄ አዳነ መጣና፣ «እማዬ፣ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ። ዓርብ መጥቶ መስቀሉን ያያል፤ በሱ ቆርቆሮ እንቀይራለን» አለኝ። ልጄ ነው፤ ቤቱም ያፈሳል። ምን እላለሁ?

ሐሙስ ለይሻው በሶ በጨርቅ ቋጥሬ ስወስድለት ፍቅርተ በአጥር አየችኝ። «አሁንም ትቀልቢዋለሽ?» አለች።

ዓርብ ሰውየው መኪናውን ደጅ አቁሞ ገባ። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ለአዳነ ሰጠሁት። ሳጥኑን ከፈተ። መስቀሉም የለ፣ ጨርቁም የለ!

አዳነ ቁልፉን አገላብጦ አየው፤ ደህና ነው። ፍቅርተ ከየት እንደ ደረሰች እንጃ፣ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሽቦ ሲጠመዝዝ የሚውል ሰው ቁልፍ ያቅተዋል?» አለች።

እኔ እንባ እንኳ አልወጣኝም። «ደንግጣ ነው» አሉ።

አዳነ የጓሮውን በር ደበደበ። «ጋሼ ይሻው! ይክፈቱ!»

ከፈተ። አዳነ ፍራሹን ገለበጠ፣ ሻንጣውን ዘረገፈ፣ ከተራራው ሥር ሳይቀር እጁን ሰዶ ፈተሸ። ፍቅርተ ጠረጴዛውን ዞራ ዞራ አይታ፣ «ባቡር በሌለበት አገር ባቡር አስቁም!» ብላ ሳቀችበት።

አዳነ እግረኛ ከሚሻገርበት ዳር የቆመውን፣ ግራና ቀኝ ክንድ ያለውን ምልክት አነሳ። በእጁ መዘነው።

«ይኼ ደግሞ ምነው ከበደ?»

«ቀላል ከሆነማ ባቡሩ ሲያልፍ ይወድቃል» አለ ይሻው።

ዝገቱ እጁን አቆሸሸው። መልሶ አስቀመጠውና እጁን በሱሪው ጠረገ።

መስቀል አልተገኘም። የአዳነ ልብ ግን አላረፈም። «ባላገኝብህም አላምንህም። ነገ ቤቱን ልቀቅ» አለው። ያ ሁሉ አንቱታ ቀረና አንተ ሆነ፤ ከአባቱ እኩያ ጋር!

አፌን ልከፍት ስል ይሻው ቀና ብሎ አየኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ምንም አይበሉ። ክንዱ ከተዘረጋ፣ ከኋላ ምንም ይምጣ ምን፣ መቆም ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ይኼንኑ ነው።»

በማግስቱ የጠረጴዛውን አገር በካርቶን ጠቅልሎ ሄደ። ያን ከባዱን ምልክት ብቻ «ለማስታወሻ» ብሎ ትቶልኝ።

የኋላውን ልንገርሽ። ገዢው ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ደግሞም አልመጣ። አዳነ ገብሱ ሲደርስለት ቆርቆሮውን ቀየረ፤ መስቀሉንም ማንሳት ተወ። ፍቅርተ ወንዛዬ ፍል ውኃ ከርማ ጉልበቷ ዳነላት፤ ምላሷ ግን እንደ ነበረ ነው፣ ይሻውን እስከ ዛሬ ሌባው ነው የምትለው። እሱ ይፋግ እህቱ ቤት ነው፤ በየዓመቱ በሶ እልክለታለሁ። ምልክቱም ይኸው ከራስጌዬ ቆሟል፣ ከነዝገቱ።

የልጅ ልጆቼ ጠዋት ጠዋት ሲያዩኝ በሳቅ ይሞታሉ፤ «እማማ፣ ሰው የባቡር ምልክት ይሳለማል?» ይሉኛል።