ባለ ዘጠኝ ቁጥሩ ማሊያ

የስፖርት መምህሩ ባለ ዘጠኝ ቁጥሩን አዲስ ማሊያ ለልብስ ሰፊዋ አቀበላት። «እትዬ፣ ሰፋ ብሏል፤ ያጥብቡልኝ። የምትለብሰዋ ልጅ ከልጅዎ ጋር ልካቸው አንድ ነው፤ እሷ ላይ ይለኩት።»

ዘጠኝ እስከ አምና የልጇ ቁጥር ነበር። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ በጀት አጠረኝ ብሎ ለስፖርት ማስከፈል ጀመረ፤ ያልከፈለ አይሰለፍም ተባለ። ከጓዳ ብቅ ያለችው ልጅ ማሊያውን ስታይ ፊቷ በራ። «እማዬ፣ ከፈልሽልኝ እንዴ?» ብላ ባንዴ አጠለቀችው።

እናቲቱ መምህሩን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ገና አሥራ አራት ማሊያ በፌስታል ይዟል፤ እንጀራዋ ነው። «አይ ቲቸር፣ ይቺ እንኳ ኳስ ሰልችቷታል» አለችው እየሳቀች። ከዚያ ስፒሏን በጥርሷ ነክሳ ወደ ልጇ ዞረች።

«ክንድሽን አንሺ።»

ልጅቷ ጎል እንዳገባ ተጫዋች ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች።