በግርዶሽ የታሰረችው ምራት

በሕንድ አገር፣ በኡጃይን ከተማ፣ ከወንዙ ዳር ባለ ጠባብ መንደር፣ ማንጁላ የምትባል አስተማሪ በባሏ ወላጆች ቤት ትኖር ነበር። ባሏ ሩቅ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እሷ ነፍሰ ጡር ነች። አምናም አርግዛ ነበር፤ አልጸናላትም።

ሐኪሟ «እስክትወልጂ ድረስ ተኚ፤ ካለዚያ ይሄኛውም ይወርዳል» አለቻት።

የባሏ አባት ሃርናራያን ይህን ሲሰሙ ሻያቸውን ፉት አሉ።

«ሐኪም ምን ታውቃለች? እኔን እናቴ ስንዴ ስታጭድ ነው የወለደችኝ። ማጭዱን እንኳ አላስቀመጠችም።»

የባሏ እናት ካንታ ባይ ምንም አላሉ። ባላቸው ሲናገሩ ዝም ማለት ልማዳቸው ነው።

ማንጁላም ሆዷን እየቆረጣት ውሃ መቅዳቷን፣ ሊጥ ማቡካቷን ቀጠለች።

በዚያው ሰሞን ፀሐይ ልትጋረድ ነው ተባለ። ካንታ ባይ ኮከብ ቆጣሪውን ፓንዲት ዳያራምን አስጠሩ።

ፓንዲቱ የማንጁላን የልደት ሰንጠረዥ ዘርግተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጋኔኑ ራሁ ፀሐይን የሚውጠው በዚች ልጅ የልደት ኮከብ ላይ ነው። ቢላ አትንካ። መርፌ አትንካ። እሳት አጠገብ አትድረስ።»

«የጨረቃ ጥላ እኮ ነው፣ ፓንዲት ጂ» አለች ማንጁላ። «ለተማሪዎቼ በሻማና በብርቱካን አሳያቸዋለሁ።»

«አንቺ ብርቱካንሽን ላጪ» አሉ ሃርናራያን።

«እሱንም አትልጥም» አሉ ካንታ ባይ።

«ለመሆኑ ፀሐይዋ ስትገለጥ ያበቃል አይደል?» ብለው ሃርናራያን ጠየቁ። ፓንዲቱ ትን አላቸው። ካንታ ባይ ሻይ ጨመሩላቸው።

«ለሌላው ሰው ያበቃል» አሉ ፓንዲቱ። «በእሷ ላይ ግን ጥላው እስክትወልድ ይቆያል። ተኝታ ትጠብቀው።»

ማንጁላ ገረማት። እንዲህ ያለ ነገር እናቷም አያቷም ሲሉ ሰምታ አታውቅም።

«ውሃውንስ ማን ይቅዳ?» አሉ ሃርናራያን።

«የቤቱ ጌታ በገዛ እጁ። ራሁ የሚፈራው እሱን ነው።»

ሃርናራያን ደረታቸውን ነፋ አደረጉ።

ግርዶሹ መጣ። የቤተ መቅደሱ በር ተዘጋ፤ የመንደሩ ምድጃ ሁሉ ጠፋ። ካንታ ባይ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«እማዬ፣ ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው።»

«ዝም ብለሽ ተኚ።»

«እስረኛ ነኝ እንዴ?»

«አዎ፣ ነሽ።»

ፀሐይዋ ተመለሰች፤ ማንጁላ ግን አልተፈታችም። ሃርናራያን በየማለዳው ባልዲ ተሸክመው ወደ ቧንቧው ይወርዳሉ።

«ጡረታ ወጡ ስንል አዲስ ሥራ ያዙ እንዴ?» አላቸው ጎረቤቱ።

«ሥራ አይደለም። ከራሁ ጋር ጦርነት ነው። አንተን ቢያይህ ይስቅ ነበር።»

አንድ ቀን ማንጁላ ተነሥታ ባሚያ ልትከትፍ ጀመረች። ካንታ ባይ ቢላዋን ከእጇ ነጠቁ።

«ሐኪም ስታዘኝ ያልተኛሁ፣ ለራሁ ብዬ ልተኛ?» አለች ማንጁላ። «በልጆቹ ፊት በምን አፌ ሳይንስ አስተምራለሁ?»

«አፍሽን እንደፈለግሽ። እግርሽን ግን አልጋው ላይ።»

ማታ ለባሏ ደወለች። «እናትህ በአጉል እምነታቸው ሊያሳብዱኝ ነው። አባትህ ይሻላሉ፤ እሳቸው ቢያንስ ጮኸው ይተዉኛል።»

ሆዷ ቁርጠቱን ከተወ ሰንብቷል። እሷ ግን ልብ አላለችውም፤ ሐሳቧ ሁሉ እንዴት እንደምታመልጥ ነበር።

ወሯ ገባ። ልጁ በሆዷ ውስጥ ይራገጣል። ሃርናራያን ውሃ ሊቀዱ እንደወጡ ፓንዲቱ መጡ። ካንታ ባይ ከመስኮቱ ሥር ወንበር ሰጧቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ማንጁላ ግን ሁሉንም ሰማች።

«ፓንዲት ጂ፣ እስካሁን ያልኩዎትን ሁሉ ሳያጓድሉ ነግረውልኛል፤ አሁን ደግሞ ከወለደች በኋላ አርባ ቀን የሚያስተኛት ኮከብ ይፈልጉልኝ።»